አሮጌ መኪና ሲያፈላ፦ ቴርሞስታቱን ነቅለው ከመጣልዎ በፊት

የቆየ መኪና ማፍላት ሲጀምር በብዙ ጋራዥ የመጀመሪያው መድኃኒት ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚከፍተውን በር) ነቅሎ መጣል ነው። ሁለተኛው ራዲያተር ማስቀየር፣ ሦስተኛው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ማስወረድ። በዚህ ቅደም ተከተል የሄደ ባለመኪና ብዙ ጊዜ ለሦስቱም ከፍሎ መኪናው ግን እንዳፈላ ይቀራል። ምክንያቱም ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት መጠየቅ የነበረበት አንድ ጥያቄ ተዘሏል፤ መኪናው የሚሞቀው መቼ ነው?

መቼ ነው የሚሞቀው?

ቆሞ ወይም በመጨናነቅ ውስጥ ሲንፏቀቅ የሚሞቅ፣ መንገድ ሲከፈትለትና ነፋስ ሲያገኝ ግን የሙቀት መርፌው የሚወርድ መኪና የጎደለው አየር ነው። ፋኑን፣ የሚያዞረውን ቀበቶ (ቺንጋ) እና በፋኑ ዙሪያ ያለውን ከለላ ይመልከቱ።

ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ረጅም ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ የሚሞቅ ከሆነ ፋኑን ይተዉት። በዚያ ፍጥነት ነፋሱ ብቻውን ይበቃል። እዚህ ላይ የሚጠረጠሩት ውስጡ የተደፈነ ራዲያተር፣ የተበላ የውሃ ፖምፓ፣ የታችኛው የራዲያተር ጎማ (ውሃ የሚያልፍበት ቱቦ) ወይም ወደኋላ የዘገየ የሞተር እሳት (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ) ናቸው።

ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ ገና አምስትና አሥር ደቂቃ ሳይሞላው መርፌው ቀይ ከነካ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ ውስጥ አየር ታፍኗል ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቷል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መርፌው ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ማለቱ ግን የተለመደ ነው። ውሃው መዞር ሲያቆም የብረቱ ሙቀት በቆመው ውሃ ላይ ይከማቻል። ውሃ እስካልተፋ ድረስ አያሳስብም።

መርፌው ብቻ የሚሞቅበት ጊዜም አለ። የአብዛኞቹ የድሮ መኪኖች የሙቀት ሴንሰር ሙቀት ሲጨምር ኤሌክትሪክ የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሴንሰሩ ወደ ዳሽቦርድ የሚሄደው ሽቦ ልባሱ ተልጦ የመኪናውን ብረት ከነካ መርፌው በአንድ ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። የፊት መብራት ሲበራ መርፌው አብሮ ከተንቀሳቀሰ የዳሽቦርዱ ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ) ላልቷል። የነዳጁና የሙቀቱ መርፌ አብረው ከፍ ካሉ ደግሞ ለሁለቱም ቮልቴጅ የሚመጥነውን ትንሽ ሬጉሌተር ይጠርጥሩ። ማረጋገጫው ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ነው። የቴርሞስታቱን ቤት ሲለኩ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ካሳየ ሞተሩ ጤነኛ ነው። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ግን መሣሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል። ጥቁር ቴፕ ይለጥፉበትና ቴፑን ይለኩ።

መንገድ ላይ ካፈላ

ኤሲ ካለው ያጥፉ፤ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተው መስኮቱን ያውርዱ። ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ብዙ ሙቀት ይወስዳል። ቆመው ከሆነ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው ነዳጁን እስከ 1,500 ዙር ገደማ ይርገጡ፤ ፖምፓውም በቺንጋ የሚዞረው ፋንም ፍጥነት ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ መርፌው ቀይ ሳይደርስ ነው። ቀይ ከገባ ወይም እንፋሎት ከታየ ዳር ይዘው ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ “ትንሽ ቀርቶኛል” ብሎ መንዳት ቴስታታ ያጣምማል።

ክዳኑን አይንኩ። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን ያለው ራዲያተር ውስጥ ውሃው ሳይፈላ እስከ 119 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግፊቱ ይወርድና ውሃው በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትና እጅ ላይ ይፈናጠራል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያም የላይኛውን ጎማ በእጅ ይጭመቁ። አሁንም ጠጣር ከሆነ ጊዜው ገና ነው። ሲከፍቱ ወፍራም ጨርቅ ደርበው እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ያዙሩ፤ ፉጨቱ ሲያበቃ ይጨርሱት።

ውሃ መጨመር የራሱ ጥንቃቄ አለው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ሲገባ ብረቱ ሊሰነጠቅ፣ የአሉሚኒየም ቴስታታ ሊጣመም ይችላል። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። መጠበቅ ካልተቻለ ለብ ያለ ውሃ፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ፣ በቀጭን ፍሰት ይግባ።

ከክዳኑ ይጀምሩ

ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚረሳው የራዲያተር ክዳን ነው። ሁለት ቫልቭ አለው። ትልቁ በሞላ ተይዞ ግፊቱ ላዩ ላይ ከተጻፈው ልክ ሲያልፍ ይከፍታል። መሐሉ ላይ ያለው ትንሹ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ዕቃ ውሃ እንዲመለስ ያደርጋል። የትልቁ ሞላ ሲደክም ውሃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ እያንዳንዱ 0.1 ባር የመፍያውን ነጥብ በ2 ዲግሪ ገደማ ያነሳል ወይም ይጥላል። ከፍታ ላይ ጉዳዩ የበለጠ ይከፋል። 2,400 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በ88 ዲግሪ የሚከፍት ቴርሞስታት ያለው መኪና ክዳኑ ካልሠራለት የሚቀረው 4 ዲግሪ ብቻ ነው። ያው መኪና በደህና 0.9 ባር ክዳን እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል።

የክዳኑን ጎማ ቀለበት በጣትዎ ይዳስሱ። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ጥልቅ መስመር ከያዘ ይቀየር። መጠባበቂያው ሞልቶ ራዲያተሩ ከጎደለ ክዳኑ ወይም ወደ መጠባበቂያው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ አየር ያስገባል። ጠዋት ላይ የራዲያተሩ ጎማ ተጣብቆ ከተገኘ ትንሹ ቫልቭ ተደፍኗል። አዲሱ ክዳን ፋብሪካው ያዘዘውን ልክ ይያዝ። አንዳንዱ ላይ 0.9 ተብሎ በባር፣ ሌላው ላይ 13 ተብሎ በፒኤስአይ ይጻፋል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። “ከፍ ያለው ይሻላል” ብሎ ለ0.5 ባር በተሠራ የድሮ ራዲያተር ላይ 1.1 መግጠም የማሞቂያውን ራዲያተር ወይም ያረጀ ጎማ ያፈነዳል።

ስለ ቴርሞስታት የሚባለው

ቴርሞስታት ማውጣት ለምን ይጎዳል ሲባል የሚሰጠው የተለመደ መልስ “ውሃው በፍጥነት ስለሚያልፍ ራዲያተሩ ውስጥ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም” የሚል ነው። ስህተት ነው። ውሃ በፍጥነት ሲያልፍ ራዲያተሩ በደቂቃ የሚያወጣው ሙቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

እውነተኛው ጉዳት ሌላ ነው። ብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ከታች ሁለተኛ ሳህን አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ በአጭር መንገድ ወደ ፖምፓ ይመለሳል፤ ሲሞቅ የላዩ በር ይከፈትና የታችኛው ሳህን አጭሩን መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አጭሩ መንገድ ለዘለዓለም ክፍት ነው፤ ከጋለው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ለማቀዝቀዝ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ ማፍላትን ያባብሳል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ቴርሞስታቱ የውሃውን መንገድ ስለሚያጠብ ቴስታታው ውስጥ ተጨማሪ ግፊት ይፈጥራል። ያ ግፊት ሲጠፋ በቫልቮቹ አካባቢ የእንፋሎት ኪሶች ይፈጠራሉ።

ሜዳ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፦ ሞተሩ አይሞቅም። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ቤንዚን ይፈልጋል፤ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ወርዶም የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል። በዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበትም ስለማይተን ጭቃ መሰል ዝቃጭ ይሆናል። ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ቀድመው ያልቃሉ።

ፈተናው ወጥ ቤት ውስጥ ያልቃል። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለው የድስቱን ቂጥ ሳይነካ ውሃ ውስጥ ያስገቡ፤ ቴርሞሜትርም እንዲሁ። ላዩ ላይ 82 ወይም 88 ተቀርጿል፤ በዚያ ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲጨምር ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ጤነኛው ሲከፈት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራመዳል። ሲቀዘቅዝም አጥብቆ መዝጋቱን ይዩ። ሲገጥሙ፣ ሲሞቅ እየሰፋ በሩን የሚከፍተውን ሰም የያዘው ጎን ወደ ሞተሩ ይዙር። ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ወይም የምትንቀሳቀስ ፒን ካለችው ከላይ ትሁን፤ ከታች ከሆነች አየር ይታፈናል።

ንጹህ ውሃ ብቻውን አይበቃም

አሮጌ መኪና ውስጥ ውሃ ብቻ ማድረግ ብዙ ጉዳት የሚያመጣ ልማድ ነው። ውሃ ሙቀት በመሸከም ከኩላንት (ከማቀዝቀዣ ፈሳሹ) ይበልጣል፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን የብሎኩን ብረት ያዝጋል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ጨው ያለው ውሃ ከሆነ ደግሞ ቅርፊት ይጋግራል። ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይበቃል። ከ60 በመቶ በላይ ኩላንት ማድረግ አይጠቅምም፤ ንጹህ ኩላንት ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው። ቀለሙ ዓይነቱን አይናገርም፤ የሁለት አምራቾች አረንጓዴ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፣ አይደባልቁ። የነሐስና የመዳብ ራዲያተር ላለው የድሮ መኪና ሲሊኬት ያለበት የተለመደው ዓይነት ይመረጣል፤ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ የተደፋውን ሕፃናትና እንስሳት እንዳይደርሱበት ወዲያው ያጽዱ።

ያለው ኩላንት ማርጀቱን በመልቲሜትር ማወቅ ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ አንዱን ጫፍ ብረት ሳያስነኩ ውሃው ውስጥ ይንከሩ፤ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ ዝገት ከላካዩ አልቋል። ሰው ሞተሩን ሲያስነሳ ቁጥሩ ዘሎ ከወጣ ደግሞ የሞተሩ ማሳ ሽቦ ደክሟል። ኤሌክትሪኩ በውሃው በኩል መንገድ እየፈለገ ነው፤ አዲስ ራዲያተር በጥቂት ወራት ከሚበሳባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ሲያጥቡ ከራዲያተሩ ሥር ብቻ ማፍሰስ የሥራው ግማሽ ነው። ብዙ የድሮ ብሎኮች በጎናቸው የማፍሰሻ ቡሎን አላቸው፤ ዝቃጩም የሚከማቸው እዚያ፣ በተለይ በኋለኛው ሲሊንደር ሥር ነው። ተፈትቶ ውሃ ካልወጣ በሽቦ ይጎርጉሩት። ከዚያ ቴርሞስታቱን አውጥተው በተለመደው ፍሰት ተቃራኒ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ ንጹህ እስኪሆን ውሃ ይልቀቁ። ራዲያተሩንም ለብቻው እንዲሁ ያድርጉ። ዝገቱ ከበዛ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው ይሙሉ፤ ሞተሩን አሙቀው 15 ደቂቃ ያዙሩት፣ ሳይቀዘቅዝ ግን እጅ በማይጎዳ ሙቀት ያፍስሱት፤ ቀጥሎ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ደጋግመው ያጥቡ። አሉሚኒየም ስላለ አሲዱን አያሳድሩት። አንድ ማስጠንቀቂያ ይኑር፦ ለዓመታት ያልታጠበ ሲስተም ከታጠበ በኋላ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ቀዳዳውን የያዘው ዝገቱ ነበርና።

ማንጠባጠብ የሚያቆሙ ዱቄቶችና ፈሳሾች፣ ቁንዶ በርበሬም ይሁን እንቁላል፣ ሁሉም ከቀዳዳው እኩል የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦ ይደፍናሉ። ቤት ለመድረስ ካልሆነ አይጨምሯቸው።

ፋን፣ ራዲያተር፣ ፖምፓ

የኤሌክትሪክ ፋን ካልዞረ ራዲያተሩ ላይ ያለውን የሙቀት ስዊች ሶኬት ይንቀሉና ቁልፉ ተከፍቶ ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኙ። ፋኑ ከዞረ ስዊቹ ሞቷል፤ ካልዞረ ፊውዝ፣ ሬላይ፣ ማሳ፣ በመጨረሻ ፋኑ ራሱ። ተቀይሮ የተገጠመ ፋን ከሆነ ነፋሱ ወደ ሞተሩ መሄዱን በወረቀት ያረጋግጡ። ሽቦው ከተገለበጠ ከመኪናው ነፋስ ጋር ይጋጫል።

በቺንጋ የሚዞረው ፋን መሐሉ ላይ የሲሊኮን ፈሳሽ ያለው ክላች ካለው፣ ሞተሩ ግሎ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲገፋ ከባድ መሆን አለበት። ከአንድ ዙር በላይ በነፃ ከዞረ ወይም በዙሪያው የዘይት መስመር ካለ ጊዜው አልፏል። እጅዎን የሚያስገቡት ቁልፉ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው። በአደጋ ጊዜ ተሰብሮ የተጣለው ከለላም ተራ ፕላስቲክ አይደለም። ያለ እሱ ፋኑ የሚስበው ከቢላዎቹ ፊት ለፊት ያለውን አየር ብቻ ነው፤ የራዲያተሩ ማዕዘኖች ሥራ ይፈታሉ።

የተደፈነ ራዲያተር ለማወቅ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ፊቱን በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይቃኙ። ሙቀቱ ከመግቢያው ወደ መውጫው ቀስ እያለ መውረድ አለበት፤ በመሐል ድንገት ቀዝቃዛ የሆነ ቦታ ካለ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ውሃ አያሳልፉም። ቀጫጭን ክንፎቹ በጣት ሲነኩ የሚፈረፈሩ ከሆነ ማጠብም አያድነውም። ኤሲ ያለው መኪና ላይ በኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ባለው የኤሲው ማቀዝቀዣ) እና በራዲያተሩ መካከል ሣርና አቧራ ይሰበሰባል፤ ከሞተር በኩል ወደ ውጭ በለስላሳ ውሃ ይታጠባል።

የውሃ ፖምፓው ከአክሱ በታች ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ከእሷ ውሃ ወይም የደረቀ የኩላንት ቅርፊት ከታየ ውሃ የሚያግደው ማሸጊያ (ሲል) ለቋል። ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጂያ ጨብጠው ሲነቀንቁ ከተላወሰ አክሱን የያዘው ኩሽኔታ አልቋል። የማያንጠባጥብ ፖምፓም ግን ውሃውን የሚገፋው ምላሱ በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ፈቶ ከማየት ሌላ አስተማማኝ መንገድ የለም። ቺንጋው በረጅሙ ክፍል መሐል በአውራ ጣት ሲጫኑት 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይርገብ። የታችኛው ጎማ ደግሞ ፖምፓው የሚስብበት ስለሆነ አንዳንዱ ላይ ውስጡ ጠምዛዛ ሽቦ አለው። ሽቦው በዝገት ካለቀ ሞተሩ ዙር ሲጨምር ጎማው ይጣበቃል፣ ዙሩ ሲቀንስ ይመለሳል። ቆመው ሲያዩት ምንም የለበትም፤ አንድ ሰው ነዳጅ እንዲረግጥ አድርገው ይመልከቱ።

ውሃው ምንም ሳይሆን

የማቀዝቀዣው ነገር ሁሉ ደህና ሆኖ መኪናው በዳገት ላይ ከሞቀ እሳቱን ይመርምሩ። እሳቱ ከዘገየ ቃጠሎው የጭስ ማውጫው ቫልቭ እስኪከፈት ይቀጥላል፤ ሙቀቱም ፒስተን ከመግፋት ይልቅ ቴስታታውን ያግላል። ዲስትሪቢዩተሩ (እሳት አከፋፋዩ) ላይ ያለውን የቫኩም ቱቦ ነቅለው በአፍ ይሳቡ። አየር ከገባ ሽፋኑ ተቀዷል። ሳይመለስ የቀረ የፍሬን ሸራም ሞተሩን ያለ ምክንያት ያደክማል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው የአራቱን ቸርኬዎች ሙቀት ያወዳድሩ።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን

ወደዚህ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሱት፤ በአፉ ላይ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ፣ ወይም ተዘግቶ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው የላይኛው ጎማ ከጠነከረ፣ የቃጠሎ ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ማንጠባጠብ ሳይኖር ውሃ መጉደል፣ ጠዋት ለጥቂት ሰከንድ በአንድ ሲሊንደር መጓደል፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው የማያቋርጥ ነጭ ጭስም ምልክቶቹ ናቸው። በዘይት ክዳን ሥር የታየ ነጭ ክሬም ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ጤነኛ መኪናም ይሠራዋል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ከታየ ያን ጊዜ ያስቡበት።

በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚያዝ፣ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው የጋዝ መፈተሻ አለ። በቤንዚን ሞተር ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተቀየረ ጥርጣሬው ያበቃል። የኮምፕሬሽን ልኬትም ይረዳል፦ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ከሌሎቹ እጅግ ካነሱ ጓርኒሲዮኑ የተበላው በመካከላቸው ነው። ቴስታታው ከወረደ በቀጥ ያለ ብረትና በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) በርዝመቱም በአግድሙም ሳይለካ እንዳይመለስ። የብዙ አምራቾች ወሰን ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ቡሎኖቹ በቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ በደረጃ ይጠበቃሉ። እጄ ያውቀዋል የሚል መካኒክ ያጋጠመው ሰው መኪናውን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

አየሩን ማስወጣት

የትኛውም ሥራ ቢሠራ አየር ከቀረ ልፋቱ ከንቱ ነው። የመኪናውን ፊት ከፍ ያድርጉ፤ የራዲያተሩ አፍ ከሁሉም በላይ ይሁን። የማሞቂያውን ማዞሪያ ሙቅ ላይ አድርገው፣ የአየር ማስወጫ ቡሎን ካለው ፈትተው፣ ቀስ እያሉ ይሙሉ፤ ከቡሎኑ አረፋ የሌለው ውሃ ሲወርድ ይዝጉት። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን ያስነሱና ጎማዎቹን እየጨመቁ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይጠብቁ። መከፈቱን የሚያውቁት የላይኛው ጎማ ድንገት ሲግል ነው፤ ወዲያው ደረጃው ይወርዳል፣ ይሙሉት፣ ክዳኑን ይግጠሙ። ማሞቂያው የሚነፋው ቀዝቃዛ አየር ከሆነ እዚያ ውስጥ አየር ቀርቷል፤ ይደግሙታል። በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ደረጃውን አይተው በመጠባበቂያው ዕቃ ላይ በማርከር ይሰምሩ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላም ከመስመሩ ከወረደ ፋሸታዎቹን (ጎማዎቹን የሚያስሩትን የብረት ቀለበቶች) አንድ በአንድ ያጥብቁና በጎማዎቹ ጫፍ ላይ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይፈልጉ።